«ለበጎ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። አውቃለሁ፣ ይህ ዜና አይደለም። ዜና የሚሆነው ለእኔ ብቻ ነው፤ በዚያች ደቂቃ 14 ገጽ የሞላ ፕሮፖዛል ፊቴ ተከፍቶ ነበር፤ የማስገቢያው ሰዓት ደግሞ የዚያኑ ዕለት 11 ሰዓት ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ 8 ወር አልፎታል። ገመዱ ከሶኬት ሲነቀል አብሮ የሚሞት፣ ተንቀሳቃሽነቱ በስም ብቻ የቀረ ዕቃ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ ያደረግኩት መቼ ነበር? ጠዋት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ኮምፒውተሩ ራሱ እያስቀመጠ ይሄድ የነበረውንማ ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ «ያዘገየዋል» ብዬ። 11ዱ ገጽ ከመብራቱ ጋር ሄደ።

እንግዲህ ከዚያች ሰዓት እስከ ማታ ድረስ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሻማ ሲሸጥልኝ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ገና ግማሹን ሳልነግረው «ለበጎ ነው ወንድሜ» አለኝ። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ «ብሮ፣ ለበጎ ነው፤ የተሻለ ሊመጣ ነው» አለኝና ወዲያው በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ቪዲዮው ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ከተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ «ውድቀት የለም፣ ትምህርት እንጂ!» ይላል። (ለቪዲዮው ስከፍል የነበረው የዳታ ብር ራሱ ውድቀት ነበር፤ ይሁን።) ታላቅ እህቴም እንደዚያው። ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ጎረቤታችን፣ ምን እንደጠፋብኝ እንኳን ሳይጠይቁ፣ «የሆነው ሁሉ ለበጎ ነው ልጄ» ብለው አለፉ።

በአንድ ከሰዓት አራት ጊዜ። አራተኛው ላይ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ይህን ስል ሰዎቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሁሉም ይወዱኛል፤ ባለ ሱቁ እንኳን ዱቤ እስከሚሰጠኝ ድረስ ይወደኛል። የእኔ ጠብ ከሰዎቹ ጋር አይደለም፤ ከቃሉ ጋር ነው። በተለይ ቃሉ ከሚመጣበት ሰዓት ጋር። እስቲ ልብ በሉ፤ «ለበጎ ነው» ሁልጊዜ የሚመጣው «ምን ሆነ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ነው። ወይም ጥያቄውን ተከትሎ፣ መልሱ ሳያልቅ። ጉዳዩ ገና ሳይከፈት ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተው ባትሪ ማውራት ትርፍ ነገር ይሆናል፤ ለበጎ ከሆነ ምን ይወራል?

በነገራችን ላይ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ለቅሶ ቤት ሂዱና ተመልከቱ። ለቀስተኛው ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል፤ ቆይቶ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐዘንተኛውም ከመጀመሪያው ይተርካል። መቼ እንደ ጀመራት፣ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሄዱ፣ ሌሊት ምን እንዳለች። አዲስ ሰው ሲመጣ ታሪኩ እንደገና ከመጀመሪያው ይነገራል። ማጽናኛው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳን ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ስህተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የእኛ ዘመን ሰው ግን ሰባት ቀን ይቅርና ሰባት ሰከንድ አይታገስም። የሌላው ሰው ችግር ፊቱ ላይ ሲቀመጥ ይጨንቀዋል፤ ስለዚህ ቶሎ መዝጋት አለበት። «ለበጎ ነው» ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው ተናጋሪውን ነው።

ከቃሉ ጀርባ ደግሞ አሁን ገበያ አለ። አዳራሽ ተከራይቶ፣ የመግቢያ ትኬት ሸጦ፣ «እችላለሁ በሉ! አልሰማሁም! እችላለሁ!» የሚያስብል ገበያ። አንድ ጊዜ ገብቼ አውቃለሁ። ትኬቱን ሰው ሰጥቶኝ ነው፤ አልዋሽም፣ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው እስከ ታክሲው ሰልፍ ድረስ አብሮኝ ሄደ። መድረኩ ላይ የነበረው ሰው «ድህነት አስተሳሰብ ነው» አለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት። በዕረፍት ሰዓት ስናወራ ያከራየቻት ሴትዮ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ኪራይ እንደጨመረችባት ነገረችኝ። እስቲ ንገሩኝ፤ ከሁለቱ የማንኛቸው አስተሳሰብ ነው እዚህ ጋ የሚስተካከለው? ያቺ ልጅ ከአዳራሹ የወጣችው ከመግባቷ በፊት ያልነበራትን አንድ ነገር ይዛ ነው፤ ጥፋተኝነት። ኪራዩ እንደሆነ አልቀነሰም። አሁን ግን ኪራዩ የጨመረው እሷ አስተሳሰቧን ስላላስተካከለች ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ስብከት አዲስ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው አንድ ልብ ወለድ አለ፤ ባለታሪኩ የእኛው አገር ልዑል፣ ራሴላስ ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። (ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ የሚያውቃት ቀደም ብሎ ከተረጎመው ከሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነው።) ልዑሉ ምንም ከማይጎድልበት ሸለቆ ይሰለቸውና ደስተኛ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ካይሮ ሲደርስ አንድ ሊቅ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተምር ይሰማል። ሊቁ ስሜቱን ድል ስለነሣ ሰው፣ መከራ ስለማይነቀንቀው ጠቢብ እየተናገረ ሕዝቡን ያስደምማል። ራሴላስም «መንገዴን አገኘሁ» ብሎ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊጠይቀው ሲሄድ ሊቁን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊቱ ገርጥቶ ያገኘዋል። አንዲት ልጁ ሌሊት በትኩሳት ሞታበታለች። ልዑሉ ያንኑ ትምህርት መልሶ ሊነግረው ይሞክራል፤ ሊቁ ግን የገዛ ቃሉ ምንም አልጠቀመውም። ጆንሰን ይህን መጽሐፍ የጻፈው እናቱ በሞቱበት ሰሞን፣ የቀብራቸውን ወጪ ለመሸፈን ብሎ ነው ይባላል። ሲጽፈው ማንም «ለበጎ ነው» እንዳላለው ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የሊቁ ማልቀስ አይደለም፤ ልጁ ሞታ ምን ያድርግ። የሚገርመኝ፣ ከዚያች ሌሊት በፊት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጃቸው የሞተባቸው ስንት ሰዎች ተቀምጠው ያንን ስብከት ሲያዳምጡ ነበር የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንዱ አንባቢ «ታዲያ ከመሰናክል አንማርም ነው የምትለው?» እንደሚለኝ ይሰማኛል። የለም! እንዲያውም የምቆጣው ለመማር ብዬ ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መካኒኩ ምን ያደርጋል? ኮፈኑን ይከፍታል። ባትሪው ነው? ካንዴላው ነው? ነዳጅ ነው? እጁ ይቆሽሻል። «ለበጎ ነው፣ የተሻለ መኪና ሊመጣ ነው» የሚል መካኒክ ጋ መኪናውን የሚወስድ ማነው? በራሳችን ሕይወት ላይ ሲሆን ግን ኮፈኑን ሳንከፍት የምንሄደው እኛው ነን። ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ እዚያው ቦታ እንቆማለን፤ በሳምንቱም ለበጎ ይሆናል።

ከሯጮቻችን አንዱን ላንሣ፤ ስለ ጽናት ሲወራ ስማቸው የማይነሣበት ስብከት የለምና፣ ግን ታሪኩን ሁልጊዜ ቀባብተን ነው የምንነግረው። ቀነኒሳ በቀለ በጃንዋሪ 2005 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ እጮኛውን አጣ። እሷም ሯጭ ነበረች፤ አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ ነው የወደቀችው። በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላይ 3 ሺህ ሜትር የቤት ውስጥ ውድድር ሲሮጥ የመጨረሻው ዙር መስሎት አንድ ዙር አስቀድሞ ፈተለከ፤ ጉልበቱን ጨረሰና ተሸነፈ። በመጋቢት ፈረንሳይ፣ ሴንት ኤቲየን ላይ የዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። በነሐሴ ደግሞ ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ሰባኪው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል፤ «አያችሁ! ሐዘኑ ጉልበት ሆነው!» ይላል። እኔ ግን በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ሰው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲደርሱ ነው የማየው። አንደኛው ዙር መሳት ነው፤ ይሄ ትምህርት አለው፣ ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ዙሩን ቁጠር። ሌላው ሞት ነው። የዚያች ልጅ ሞት ለማንም የሜዳሊያ ማስተማሪያ አይደለም። እሷም የራሷ ውድድር ነበራት። ቀነኒሳ በመጋቢት ያሸነፈው እሷ ስለሞተች ነው የሚል ሰው፣ ባትሞት ኖሮ አያሸንፍም ነበር ማለቱ ነው፤ ይህንን ጮክ ብሎ አንድ ጊዜ ቢለው ራሱን ያፍርበት ነበር። አንዳንድ ነገር የሚያስተምር ስህተት ነው፤ አንዳንዱ የሚለቀስ ሐዘን ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ «ለበጎ» የሚል ሰው ከስህተቱም አይማርም፣ ሐዘኑንም በወጉ አያለቅስም።

ደግሞ ሌላ የእሱ ታሪክ አለ፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ኤድንብራ ላይ፣ የዓለም አገር አቋራጭ። ውድድሩ ገና ሲጀመር ከኋላ ተረገጠና ጫማው ወለቀ። ቆመ። ጫማውን አጠለቀ። ሕዝቡ ሁሉ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ተነሣና አንድ በአንድ እየለቀማቸው ሄዶ አሸነፈ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማሸነፉ ነው። እኔ የምወደው ግን ያቺን የቆመባትን ጊዜ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ ሰው ሁሉ እያለፈህ፣ ቆሞ ጫማ ማጥለቅ! «ቀና አመለካከት» የምትሉኝ ነገር ካለ ለእኔ ያቺ ናት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ታስታውሳላችሁ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ ወደ 30 ሺህ ገደማ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ከወደቁት አንዷ ናት። በዚያን ሳምንት ስልኳ ላይ የገባው ምክር ቢታተም ቅጽ ይወጣዋል። «ውድቀት የስኬት እናት ናት።» «ኤዲሰን ስንት ጊዜ ወደቀ?» «ፈገግ በዪ!» ልጅቷ ግን የፊዚክስ መምህር ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ክፍላቸው አልገባም። ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበር። እና ከዚህ ውድቀት የምትማረው ትምህርት ምንድነው? ያልተማረችውን ፊዚክስ?

እርግጥ ከእሷም በኩል ያለ ነገር አለ፤ እሷም ታምናለች። ሒሳብ ላይ የመጨረሻውን ሁለት ወር በተከታታይ ፊልም አሳልፋዋለች። ይሄ የራሷ ነው፤ ኮፈኑን ከፍታ አይታዋለች። ግን ከ100 ልጅ 97ቱ ሲወድቅ፣ ሙሉ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ማሳለፍ ሲያቅተው፣ መማር ያለበት የወደቀው ልጅ ብቻ ሊሆን አይችልም። ፈተናው የፈተነው ትምህርት ቤቱን ጭምር ነው፤ ወድቋልም። ለእሱ ግን ማን «ውድቀት የስኬት እናት ናት» አለው? ማንስ ለብቻው ጠርቶ «ምን ሆንክ?» ብሎ ጠየቀው? ትምህርቱን ሁሉ ለ18 ዓመቷ ልጅ አሸክመን፣ ከላዩ ላይ ፈገግታ ጨመርንባት። ለዚህ ነው «ለበጎ ነው» ንጹሕ ቃል አይደለም የምለው። አንዳንድ ጊዜ የሆነ ሰው ዕዳ አለበት፤ ቃሉ ያንን ዕዳ ይሰርዝለታል።

ይህን ሁሉ ስል የጨለምተኛው ወገን እጁን እያሻሸ «ልክ ነህ! እዚህ አገር ምንም አይሆንም!» ሊለኝ ነው። ረጋ በል ወዳጄ፤ አንተን ጨርሶ አላመለጥክም። ካፌ በረንዳ ላይ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሁሉም ነገር የማይሆንበትን ምክንያት የሚዘረዝረው ሰውና «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለው ሰው መንትዮች ናቸው። አንዱ ሳያየው ደህና ነው ይላል፤ ሌላው ሳያየው አልቆለታል ይላል። ኮፈኑን ግን ሁለቱም አልከፈቱትም። ሁለቱም እጃቸው ንጹሕ ነው። እንዲያውም ጨለምተኛው ይብሳል፤ «ለበጎ ነው» የሚለው ቢያንስ ሻማ ይሸጥልሃል።

ወደ ማክሰኞ ማታ ልመልሳችሁ፤ አንድ ያልነገርኳችሁ ሰው አለ። እናቴ። አመሻሽ ላይ ከሥራ ገባች፤ ቤቱ ጨለማ፣ እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ። ሻማውን አየች፣ እኔን አየች። የእሷን «ለበጎ ነው» ለመስማት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ስትለው እንኳን አልናደድም፣ የእሷ ጸሎት ነውና። አላለችም። ከሰል አቀጣጠለች፣ ጀበናውን ጣደች፣ አጠገቤ ተቀመጠችና፦

«ምን ሆነህ ነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ባትሪውን፣ ሴቭ አለማድረጌን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊዜ እያለኝ ለመጨረሻው ቀን ማቆየቴን። አላቋረጠችኝም። ባትሪው ላይ ስደርስ ብቻ «ለእሱ ብዬ የሰጠሁህን ብርስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። (ጫማ ገዝቼበታለሁ። ጥሩ ጫማ ነው።)

«ስንት ገጽ ነበር የጠፋው?»

«11።»

«ስንቱን ታስታውሰዋለህ?»

ይህንን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም ነበር። ደብተር አመጣችልኝ፤ በሻማ መጻፍ ጀመርኩ። በጀቱን ሙሉ በሙሉ አስታወስኩት፤ ቁጥሮቹን ሦስት ቀን ስጨቃጨቅባቸው ስለነበር ሊጠፉኝ አልቻሉም። መግቢያው ግን፣ ያ አራት ገጽ የፈጀብኝ፣ ስለ ወጣቱ ትውልድ ራዕይ የተጻፈው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳን ሊመጣልኝ አልቻለም። ለካ የእኔ አልነበረም፤ ከዚህም ከዚያም የለቃቀምኩት ነው። ስለዚህ ተውኩት። 14ቱ ገጽ 9 ሆነ። መብራት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መጣ፤ እስከ 10 ሰዓት ተየብኩት፣ ዘግይቼ እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ይቅርታ ጽፌ ላክሁት።

አዲሱ ከጠፋው ይሻላል? ይመስለኛል። ግን እባካችሁ «አየህ፣ ለበጎ ነበር!» እንዳትሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ መግቢያውን ቆርጬ መጣል እችል ነበር፤ በሰዓቱም አስገባው ነበር። የተቀባይነት ቀኑ አልፎብኛል፤ ይሄ ኪሳራ ነው፣ ስሙም ኪሳራ ነው። ያልተነገረንን የመብራት መቋረጥ የሚመለከት ድርሻ አለ፤ እሱን ለሚመለከተው ትቼዋለሁ፣ አልሰረዝኩለትም። የቀረው የእኔ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ባትሪ ገዛሁ፤ ጫማው በዚህ ወር ሌላ ጓደኛ አያገኝም። ከድርጅቱ እስካሁን መልስ የለም። ፋይሉ ግን አለ፤ ሦስት ቦታ።